የታፈነው ጋጣ

በጋጣው ውስጥ ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ገበሬው ጎሕ ሲቀድ የላሞቹን ጋጣ በር በትከሻው ገፍቶ ፋኖሱን ከፍ ባደረገ ጊዜ በመጀመሪያ ያየው ይህንኑ ነው። ውጭ በበሩ መቃን ላይ የተሰቀለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ዲግሪ ያሳያል፤ የጉድጓዱን ሰንሰለት በባዶ እጁ የነካ ሰው ቆዳውን ትቶ ይመለሳል። ውስጥ ግን ከጣሪያው ሳንቃዎች ጠብታ በጠብታ ላይ እየተከታተለ በላሞቹ ጀርባ ላይ ይወርዳል። ላሞቹ ከወንዝ እንደ ወጡ ሁሉ ረጥበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይንቀጠቀጣሉ። የሽንቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

በመከር ወራት ይህ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። የዘንድሮው ብርድ እንደሚከፋ አስቀድሞ ስለ ሠጋ፣ በጋጣው ግድግዳና ጣሪያ ላይ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ደፈነ። ምላጭ የምታስገባ ስንጥቅ እንኳ አልቀረችም። በነገሩ ሁሉ ልክና ሚዛን ስለሚያበዛ ጎረቤቶቹ «መሐንዲሱ» ይሉታል፤ ግማሾቹ በአክብሮት፣ ግማሾቹ በፌዝ።

ታላቅ እህቱ የወተት ባልዲዋን ይዛ ከኋላው ደረሰች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ጋር የምትኖር፣ ዕድሜዋን በእንስሳት መካከል የፈጀች ሴት ናት።

«እትዬ፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ነው» አላት።

«ጣሪያው ምን አደረገ? ትንፋሻቸው ነው እንጂ። መውጫ ሲያጣ ተመልሶ በራሳቸው ላይ ዘነበ።»

«ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ እኮ ነው።»

«ሙቀቱማ የት ይሄዳል፤ ይኸው ከነወጡ ቀቀላቸው!» አለችና መንሹን አንሥታ ከበሩ በላይ ያለውን የጭቃ ልስን ትደበድበው ጀመር። «ደረቅ ላም ብርድ አይገድላትም። የረጠበች ላም ግን ሙቀቱ ሲወጣ፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ ቆማ በረዶ ትሆናለች።»

ጭቃው ተፈረካክሶ ወደቀ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ጅራፍ እየተመዘዘ ገባ። በዚያች ቅጽበት እኅትና ወንድም ተያዩ፤ የሁለቱም ፊት እኩል ነጣ።

«የላይኛውንስ ጋጣ?» አለች።

«ከዚህኛው አብልጬ ነው የደፈንኩት» አለ መሐንዲሱ በሰለለ ድምፅ።

የላይኛው ጋጣ ከወንዙና ከጥድ ደኑ ማዶ፣ በተራራው ትከሻ ላይ ነው። ድርቆሹ እዚያው ስለሚታጨድ በጎቹም የብርዱን ወራት እዚያው ያሳልፋሉ፤ ምንጭ በገንዳቸው ውስጥ ያልፋል። ቤተሰቡ በየአራት ቀኑ እየወጣ መኖ ይሞላላቸዋል። መሐንዲሱ ከወጣ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሥልሳ ሁለት በጎች፣ ሁሉም እርጉዝ፣ ሊወልዱ አንድ ወር የቀራቸው። ያ ቤተሰብ ከእነዚያ በጎች ሌላ የሚመጣውን ዓመት የሚሻገርበት ነገር አልነበረውም።

ሚስቱ ላሞቹን በጭድ እያሸች ልታደርቅ ቀረች። ከመሄዱ በፊት የሱፍ ሻሏን አውልቃ አፍና አፍንጫውን ጠቀለለችለት። «ቁሩ ሳንባ ይቆርጣል፤ እንዳትናገር» አለችው። ከዚያም ወደ እህቱ ዞራ፣ «ለእርስዎ ግን ሻል አይበቃም» አለቻት፤ ሦስቱም ሳይወዱ ሳቁ።

ዳማዋን ባዝራ በበረዶ ላይ በሚንሸራተተው ጋሪ ጠምደው፣ መጥረቢያ፣ መንሽ፣ ገመድ፣ ፋኖስና ሁለት ጆንያ ደረቅ ጭድ ጭነው ተነሡ።

ፀሐይ ስትወጣ ሦስት ሆና ወጣች። መሐንዲሱ ዓይኑን ጠረገ፤ አልተለወጠም። በመካከል እውነተኛይቱ ፀሐይ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ቀስተ ደመና የለበሱ ሁለት አምሳያዎቿ፣ ሦስቱንም አንድ ታላቅ የብርሃን ቀለበት አስሮ ይዟቸዋል። አየሩ ራሱ ወደ በረዶ ብናኝ ተለውጦ ነበር፤ ከየትኛውም ደመና ሳይወርድ በጠራው ሰማይ መካከል ተንሳፍፎ ያንጸባርቃል። ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ሰማይን ለመለካት እንጂ ለማየት ቀና ብሎ አያውቅም ነበር።

«እትዬ…»

«አይቻለሁ» አለች በዝግታ። «አባባ አንድ ጊዜ አይቶ ነግሮኝ ነበር። አላመንኩትም።»

ደኑ ውስጥ ሲገቡ ዝምታው ክብደት ነበረው። በዚያ ዝምታ መካከል ድንገት እንደ ጠመንጃ የሚጮኽ ነገር ፈነዳ፤ ባዝራዋ በኋላ እግሮቿ ቆመች። የዛፍ ፈሳሽ በግንዱ ውስጥ ረግቶ እንጨቱን ከውስጥ እየሰነጠቀው ነው። አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ከሩቅ ይመልስለታል። እህቱ በየመቶ ክንዱ ባዝራዋን እያስቆመች ጓንቷን አውልቃ፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ የተጋገረውን በረዶ በትኩስ መዳፏ ታቀልጣለች። ያን ባታደርግ እንስሳይቱ በራሷ ትንፋሽ ታፍና ትወድቅ ነበር።

«ሁሉም ነገር የሚሞተው በትንፋሹ ነው ማለት ነው» አለ መሐንዲሱ።

«ተው አትራቀቅ፣ ልጓሙን ያዝ።»

ከወንዙ ዳር ሲደርሱ እርሱ በረዶ ያለበሰውን ነጩን መንገድ መረጠ፤ ለስላሳና ወፍራም ይመስላል። እህቱ ክንዱን ጨብጣ አስቆመችው። «ያ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ ሞቆት አልጠነከረም። ጥቁሩን ይዘን እንሂድ።»

ነፋስ የጠረገው ጥቁር በረዶ እንደ መስታወት ነበር። ባዝራዋን ከጋሪው ፈትተው፣ ጋሪውን በረጅም ገመድ እያስከተሉ በእግራቸው ገቡ። ከእግራቸው በታች፣ ከአንድ ክንድ ጥልቀት በታች፣ ውኃው ሲሄድ ይታያል፤ የአየር አረፋዎች በበረዶው ውስጥ እንደ ተበተነ የብር ሳንቲም ተደራርበው ቀርተዋል። ከዚያም ወንዙ ዘመረ። ከሩቅ የጀመረ ቀጭን ድምፅ፣ ከእግራቸው ሥር አልፎ፣ ወደ ታች በረረና ወደ ጥልቅ ጉምጉምታ ተለወጠ። አንድ ነጭ ስንጥቅ ከድምፁ ጋር እየሮጠ በሁለቱ መካከል አለፈ።

«አትሩጥ!» አለችው። «ይዘምር፤ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው።»

ማዶ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው፣ ከዳር ምንጭ የሚፈስበት ቀጭን በረዶ ተሰበረና የቀኝ እግሩ እስከ ጉልበቱ ገባ። በእጁ ተንጠላጥሎ ወጣ። ጫማው ዓይኑ እያየ ነጭ ሆነ፤ የእግሩ ጣቶች መጀመሪያ ተቃጠሉ፣ ቀጥሎ ጠፉ።

እህቱ ደረቅ በረዶ ውስጥ አስተኛችው፣ በረዶው ውኃውን እንዲመጥጠው እግሩን እያገላበጠች ፈተገችው፣ ጫማና ካልሲውን ጎትታ አወጣች። ከዚያ ካፖርቷን ከፍታ ባዶ እግሩን በብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ጥርሷ ተንገጫገጨ።

«ተይ እትዬ፣ አንቺ ትታመሚያለሽ።»

«ይህን እግር ሕፃን ሆነህም ይዤዋለሁ። ያን ጊዜም ይሸት ነበር።»

እየቆየ ስሜቱ በመርፌ እንደ መወጋት ሆኖ ሲመለስ ሰውየው አለቀሰ፤ እንባው ጉንጩ ላይ ቆመ። የእግሩ ሕመም ብቻ አልነበረም። መርጠብ ምን እንደሆነ በዚያች ሰዓት አወቀ። ያን ውኃ፣ ያን ብርድ፣ ለሥልሳ ሁለት ነፍሳት በገዛ እጁ አዘጋጅቶ፣ በሩን ዘግቶባቸው ነው የወረደው። የእህቱን ትርፍ ካልሲ አጥልቆ፣ ጫማው ውስጥ ጭድ ጠቅጥቆ ተነሣ። ከዚያ በኋላ እስከ ላይ ድረስ አንድም ጊዜ አላረፈም።

ቀትር ላይ ከደኑ ሲወጡ ጋጣው ታየ፤ ከፊቱም ተኩላዎቹ።

አምስት ነበሩ። በበሩ ፊት በከፊል ክብ ተኝተዋል፤ አመዳይ ስላለበሳቸው በረዶው ራሱ ዓይን ያወጣ ይመስላል። አልጮኹም፣ አልተነሡም። ትልቁ ብቻ ራሱን አዙሮ ተመለከታቸው፤ ቢጫ ዓይኑ ጥላቻም ፍርሃትም አልነበረበትም። ከጋጣው ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ከጣሪያውም ጥቂት እንፋሎት እንኳ አይወጣም።

«እየጠበቁ ነው» አለ መሐንዲሱ። «በሩን ከፍተን ካላናፈስናቸው ይሞታሉ። ከከፈትንም…»

«በሩን ማን ክፈት አለህ? ከላይ ክፈተው።»

ከጋጣው ጀርባ ነፋስ የቆለለው በረዶ እስከ ጣሪያው ጠርዝ ይደርሳል። እህቱ አንዱን የጭድ ጆንያ በመንሽ ወግታ፣ የፋኖሱን ላምባ አርከፍክፋ ለኮሰችው። ባዝራዋን በግራ እጇ ይዛ፣ እሳቱን በቀኟ ከፍ አድርጋ፣ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። ተኩላዎቹ ተነሥተው አሥር እርምጃ ያህል ሸሹ፤ ግን አልሄዱም። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«ፍጠን! ይህ ጭድ ለዘላለም አይነድም!»

መሐንዲሱ በደረቱ እየተሳበ ወጣ። ጣሪያው አናት ላይ ተንበርክኮ፣ ከሥልሳ ቀን በፊት አለስልሶ ያስተካከለውን ልስን በመጥረቢያ መታው። መጥረቢያው ነጠረ። ደግሞ መታ፤ ፍንጣሪ ብቻ ተነሣ። ጭቃው ቁሩ በልቶት እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

«ይህን ማነው እንዲህ አጥብቆ የሠራው?» ብሎ ጮኸ በንዴት።

«አንተው ነህ! ምታ!»

ከታች የእሳቱ ብርሃን እየደከመ ሄደ። ትልቁ ተኩላ ሁለት እርምጃ ቀረበ፤ ባዝራዋ አናፋች። «ና እስቲ!» ስትል ይሰማል እህቱ፤ «ና፣ ና ወዲህ፣ እኔም ዛሬ አልበላሁም!» ድምፅዋ ግን ተንቀጥቅጧል። መሐንዲሱ ተነሥቶ ቆመ፤ በሚያዳልጥ ጣሪያ ላይ ሁለት እግሩን ዘርግቶ፣ መጥረቢያውን ከኋላው አንሥቶ፣ ያለውን ጉልበት ሁሉ፣ ጥፋቱንም ጭምር፣ በአንድ ምት አወረደው።

ጣሪያው ተነፈሰ።

ሌላ ቃል የለውም። የሦስት ቀን፣ የሥልሳ ሁለት በጎች የታፈነ ትንፋሽ በቀዳዳው ተገፍቶ፣ እያጓራ እንደ ነጭ ዓምድ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ቁሩ በቅጽበት ያዘው፤ ዓምዱ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ሲደርስ ወደ ሚሊዮን የበረዶ ቅንጣቶች ተሰባበረ፤ በዚያ ቀን ብርሃን ውስጥ እያንዳንዷ ቅንጣት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ እየሆነች ተመልሳ መውረድ ጀመረች። በጣሪያው ላይ፣ በሰውየው ጢም ላይ፣ በእህቱ ሻሽ ላይ፣ በባዝራዋ ጋማ ላይ፣ በተኩላዎቹም ጀርባ ላይ ያለ አድልዎ ወረደች። አውሬዎቹ ቀና ብለው አዩ። ትልቁ ጆሮውን አስተኛ፤ ከዚያ፣ ከማያውቀው ኃይል ፊት እንደ ቆመ ፍጥረት፣ ጅራቱን ሸጉጦ ወደ ደኑ ሄደ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

መሐንዲሱ መጥረቢያውን ጥሎ በጉልበቱ ወደቀ። በታች፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ደካማ የበግ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሌላ።

በሩን ሲከፍቱ ዘጠኝ በጎች ሞተው አገኙ። የቀሩት ሃምሳ ሦስቱ ተጣብቀው ቆመዋል፤ ሱፋቸው ውኃ አዝሎ ተንጠልጥሏል፤ ዓይናቸው ግን ይንቀሳቀሳል። እህትና ወንድም ካፖርታቸውን አውልቀው ገቡበት። የረጠበውን ጉዝጓዝ በአካፋ ጠርገው አወጡ፣ ድርቆሽ በተኑ፣ እያንዳንዷን በግ በጭድ ጨብጠው ከአንገት እስከ ጅራት አሹ። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚወርደው ቁር ጀርባቸውን እንደ ቢላ ይቆርጣል፤ በዚያው ቀዳዳ እንፋሎቱ ይወጣል። በሥራው መካከል መሐንዲሱ በድንገት ቆመ። እጁ ውስጥ ያለውን ጭድ እያየ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«እጄ በራሱ ወደ ላይ ይሄዳል እትዬ። ቀዳዳውን ልድፈን ይላል።»

«ጭዱን ለዚያች ጥግ ለቆመችው አድርግላት» አለች እህቱ፣ ቀና ሳትል። «እሷ ናት የምትፈልገው።»

ሄደ፤ አሻት። ዓይኑ ሁለት ጊዜ ወደ ጣሪያው ተመለሰ፤ ሦስተኛ ግን አልተመለሰም።

ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ያቺው በግ ራሷን አነሣች። አራት እግሯን አንፈራጥጣ፣ ከአፍንጫዋ ጀምራ እስከ ጭራዋ ሰውነቷን አራገፈች። ከሱፏ አንድም የውኃ ጠብታ አልወጣም፤ የተነሣው ደረቅ የአመዳይ ብናኝ ነው። በቀዳዳው በኩል በገባችው በመጨረሻዋ የብርሃን ዘንግ ውስጥ ጥቂት ተንሳፍፎ ቆየ። ሰውየው እስኪረግፍ ድረስ ሳይንቀሳቀስ አየው፤ ከዚያም ወደ ቀጣይዋ በግ አለፈ።