ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው

ይህን ሰው አውርቶልኝ አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ በቀትር የደረሰብኝ ነው። አላምንም የሚል ራሱ ያውቃል፤ እኔ ማንንም ለመለማመጥ አልተፈጠርኩም።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የቀረኝ የመጨረሻ ልጄ ነው። በኮምፒውተር ሥራ ነው የሚያድረው። ምላሱም እጁም ፈጣን ስለሆነ «ጮሌዬ» እለዋለሁ። ከእኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራው የለም።

የጓዳውን ክፍል ላመጣው ጥቁር ማሽን ለቀቅኩለት። ሰርቨር ይለዋል። ማሽኑ በየቀኑ ቀትር ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፋይል ቆላልፎ ወደ ሩቅ አገር ማሽን ይልካል።

«የቢሮ ሥራ ነው» አለኝ። አመንኩት። የወለድኩትን ካላመንኩ ማንን ላምን?

የክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በክር ታስሮ አንገቴ ላይ ይውላል።

ያን ቀን ማሽኑ አልክም አለ።

ልጄን ላብ አጥምቆታል።

«ምን ሆነ?»

«ቁልፉ አልገጥም አለ፣ እማዬ።»

«ቁልፉማ ይኸው አንገቴ ላይ።»

«የበሩን አላልኩሽም። የማሽን ቁልፍ ነው... የዚያኛው ማሽን መታወቂያ በይው። የትናንቱ አይደለም። ተለውጧል።»

«ታዲያ እዚያ ማዶ ያለው ማነው?»



«እሱን ነው ማወቅ ያቃተኝ...» አለ በሹክሹክታ።

ምናልባት የሚላከው ነገር ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አንዱን ፋይል ከፈተው።

ድምፅ ወጣ።

የእኔ ድምፅ።

ብቻዬን ሳጉረመርም... ለሟቹ ባሌ ሳነባ... ለፈጣሪዬ ብቻ የነገርኩት ሁሉ...

«ይሄ ምንድነው?»

«ማሽኑ ስታወሪ ይቀዳሽ ነበር... ማሽን እንደ ሰው እንዲያወራ የሰው ድምፅ የሚገዙ አሉ... አይጎዳትም ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እናትህን ሸጥክ?»

«ድምፅሽን እንጂ...»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ዶሮዋ እኔ ነኝ። በል ንቀለው።»

ገመዱን ነቀለ። መብራቱ ጠፋ። ከክፍሉ አስወጥቼው በሩን ቆለፍኩ።

ፊት ለፊት ቆምን። አላየውም ብዬ ፊቴን አዞርኩበት።

ያኔ ነው ከተቆለፈው ክፍል...

«ጮሌዬ...»

ድምፁ የእኔ ነው። አፌ ግን ተዘግቷል።

«ጮሌዬ፣ እኔ አልተቀየምኩህም... ና ግባ።»

ልጄ እኔን አየኝ። ከዚያ በሩን አየ።

«እንዳትሄድ» አልኩት።

«እሷኮ ይቅር ብላኛለች» አለኝ።

ገፋ ሲያደርገው በሩ ተከፈተለት። ገባ። ከኋላው ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

እጄን አንገቴ ላይ ሰደድኩ። ቁልፉ እንዳለ ነው።

ከውስጥ ሁለት ሰው ይስቃል። አንዱ ሳቅ የእኔ ነው።

በሩን ደበደብኩት።

«እማዬ፣ ማነው የሚያንኳኳው?» ሲል ሰማሁት።

«እንጃ ልጄ...» አለችው በድምፄ። «አላውቃትም።»