የዝግ በር ፈተና

የእሳት ማስጠንቀቂያው ደወል ሲጮኽ ዊላ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። አረፋውን እንኳ ሳታስለቅቅ ፎጣ ጠምጥማ ወደ በረዶው ወጣች። የኮሌጁ ዶርም ልጆች ተደርድረው ይንቀጠቀጣሉ፤ አንድ ረጅም ወጣት የስም ዝርዝር ይዞ ይቆጥራቸዋል።

«አንቺ ነሽ የጎደልሽው?» አላት። «ወደ እሳቱ ልገባልሽ ነበር እኮ።»

«እሳት አለ እንዴ?»

«ፈንዲሻ ነው ያረረው።» የሱፍ ቆቡን አውልቆ በፎጣዋ ላይ አጠለቀላት። «በይ እንኪ፣ ጆሮሽ ሳይረግፍ።»

ኔልስ ይባላል። ከሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ የገባ ዊስኮንሲን ከሚባለው የአሜሪካ ግዛት የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ የዶርሙ ተጠሪም እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት ለመዱ። ተጠሪ በኃላፊነቱ ሥር ካሉ ልጆች ጋር ፍቅር እንዳይጀምር ደንቡ ይከለክላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ምንም አልጀመሩም። የሾርባ ሳህናቸው ከቀዘቀዘ በኋላም ግን ከወንበራቸው አይነሱም። ዐይን ደግሞ ደንብ አያውቅም።

ዊላ አንድ ጭንቀት ነበረባት። እናቷ ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ውላ የምታገኘው ለዊላ ሁለት ታናናሾች እንኳ አይበቃም። ተጠሪ የሆነ ተማሪ መኝታውም ምግቡም ነፃ ነው። ይህን ሥራ ካላገኘች በመስከረም አትመለስም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«አሠለጥንሻለሁ» አላት ኔልስ። በየምሳው አንዴ የሰከረ፣ አንዴ እናቱ የናፈቀችው፣ አንዴ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ እባብ የደበቀ ተማሪ እየሆነ ይተውንላታል። «መጀመሪያ ችግሩን ስላካፈለሽ አመስግኚው። ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽ ቃል አትግቢ። ከዚያ የምክር ቢሮውን አሳዪው።» እሷ በሳቅ ትፈርሳለች፤ እሱ ኮስተር እንዳለ ይቀጥላል።

በመጋቢት የዝግ በር ፈተና የሚሉት መጣ። ነባር ተጠሪዎች በየክፍሉ ተቀምጠው ችግር የገጠመው ተማሪ ሆነው ይተውናሉ፤ አመልካቹ አንኳኩቶ ይገባና ይረዳቸዋል፤ ሦስት ፈታኞች ጥግ ይዘው ነጥብ ይሰጣሉ። ዊላ አንኳኩታ ስትገባ አልጋው ላይ ያገኘችው ኔልስን ነው። አንገቱን ደፍቷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው፣ እንደተማረችው አጠገቡ ወንበር ስባ።

«አባቴ ከጎተራው ጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። ስልሳ ላም አለን፤ የሚያልብ ሰው የለም። ትምህርቱን ትቼ ቅዳሜ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው።»

ድምፁ ተሰባበረ። ጉድ ነው፣ ዛሬስ ትወናው በለጠ፣ አለች በሆዷ።

«ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ።»

«እዚህ የምለያት ልጅ አለች። እንደምወዳት አልነገርኳትም። ምን ልበላት?»

ዊላ ጥግ ያሉት ፈታኞች ብዕር ሲጫጫር እየሰማች ድምፏን አስተካከለች። «ከባድ ጊዜ ላይ ነህ። የምክር ቢሮው ክፍት ነው፤ አብሬህ ልሂድ?»

«አይ» አለ ኔልስ። «ቢሮውን አውቀዋለሁ።»

ስትወጣ አውራ ጣቷን አሳየችው። እሱም ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ማለፏን የሚገልጸው ደብዳቤ ቅዳሜ ከሰዓት ደረሳት። እየሮጠች ወደ ክፍሉ ወጣች። በሩ ተከፍቷል፤ ፍራሹ አንሶላ የለውም። የዶርሙ ኃላፊና ከፈታኞቹ አንዷ የነበረችው ወይዘሮ ኦዴት መስኮቱን ትዘጋለች።

«ጠዋት ቁልፉን መልሶ ሄደ። አባቱ ወድቀው ነው አሉ። አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል፤ ትወና መስሎኝ ነበር» አለች ዊላ።

«እኛም እኮ እንዲተውን የሰጠነው በማቀዝቀዣ ምክንያት የተጣሉ ልጆችን ታሪክ ነበር» አለች ኦዴት ቀስ ብላ። «ረስቶት ከራሱ የፈጠረ መስሎን ዝም አልነው።»

በማግስቱ አውቶቡስ ይዛ ወደ ቤተሰቦቹ እርሻ ሄደች። በረት ውስጥ፣ ላሞቹ መሐል አገኘችው። ሲያያት ባልዲውን አስቀመጠ።

«ለምን እንዲያ አድርገህ ነገርከኝ?»

«ምሳ ላይ ስንቴ ሞከርኩ። አፌ እምቢ አለኝ። እዚያ ግን ሌላ ሰው ሆኜ መናገር ይቻላል።»

«እኔ ደግሞ አመሰገንኩህ» አለችና እንባዋ መጣ።

«ጥሩ አድርገሽ ነው የመለስሽው። ሙሉ ነጥብ ነው የሰጡሽ።»

«ነጥቡ ገደል ይግባ።»

«ተይ እንጂ። ያ ክፍል ከሌለሽ በመስከረም የት ልታድሪ ነው?»

አንዲት ላም የኔልስን እጅጌ ትልስ ጀመረች፤ እሱም ዝም አላት።

«ጠይቀኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ።»

አጎነበሰ። «ብጠይቅሽ እሺ ብለሽ እዚህ ትቀሪያለሽ።»

«እሺ እላለሁ።»

«ለዚያ ነው የማልጠይቅሽ።»

አውቶቡሱ እስኪመጣ መንገድ ዳር አብረው ቆሙ። እጇን ይዞ ነበር፤ እጁ ወተት ወተት ይሸታል። ደንቡ ከእንግዲህ አይመለከታቸውም፤ ምን ዋጋ አለው ግን፤ ደንቡ ቀረ፣ እነሱም ተለያዩ።

ለጥቂት ወራት አዘውትረው ተጻጻፉ። ላም ግን ጠዋትና ማታ መታለብ አለባት፤ ዕረፍት ብሎ ነገር አታውቅም። ደብዳቤው እያጠረ፣ እየዘገየ ሄደ። በሦስተኛው ዓመት የመጣው የመጨረሻው ነበር፤ የጎረቤቱን ልጅ ሊያገባ እንደሆነ በአራት መስመር ጽፎላታል። ዊላ በሯን ዘግታ እስኪወጣላት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ሁለት ልጆች ተጣልተው ሸምግይን እያሉ ይጠብቋት ነበር።

ሥራውን ሦስት ዓመት ሠራችው። እንደሷ ያለ ተጠሪ አላየንም አሉ የዶርሙ ልጆች።

በምረቃዋ ቀን እናቷ አዲስ ጫማ ተጫምታ መጣች። ፎቅ ወጥታ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፤ አልጋውን በመዳፏ ዳበስ አደረገችው።

«ተመስገን ነው» አለች። «ይህ ክፍል ባይኖር የት ትደርሺ ነበር፣ ልጄ?»

ዊላ የት ትደርስ እንደነበር አሳምራ ታውቃለች። የእናቷን ቦርሳ አንስታ «እንሂድ እማ፣ ሰዓት ደርሷል» አለቻት።