ሦስት ቀን የቀረው ጉዞ

የጉዞ ቢሮው ባለቤት ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው ቀይ ሻንጣ በጎኑ ተጋድሟል። ደረጃው አሥራ ስምንት እርከን ነው፤ መርማሪዋ ሁለት ጊዜ ቆጥራዋለች። ሟቿን ሠራተኞቻቸው «እትዬ ዝርዝር» ይሏቸው ነበር። ወረቀት ላይ ሳያሰፍሩ ሻይ እንኳ አያዙም ነበርና።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ ሸሪካቸው፣ ሰዓቱን እያየ። «ሻንጣቸውን ደረጃ ላይ ሊሞክሩ ወጡ፣ ደረጃው እርጥብ ነበር፣ አዳለጣቸው። ይቺ ሴትዮ ወልውላ ሳታደርቅ ሄዳ ነው።»

«ይቺ ሴትዮ» ያላቸው የፅዳት ሠራተኛዋን ነው። ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ይዟቸው ሊሄድ የመርማሪዋን ቃል ብቻ ይጠብቃል።

«ስንት ሰዓት ላይ ወለወሉ፣ እናቴ?»

«አንድ ሰዓት ላይ፣ ልጄ። እሳቸው የወደቁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ፀሐይ ብርድ ልብስ እንኳ ይደርቃል!»

መርማሪዋ ትዕግሥት ስለሌላት ወዲያው ተንበርክካ ሻንጣውን አገላበጠችው። ፊቱ እንደ አዲስ ያበራል። ከፈተችው፤ ሻምፖው በፌስታል ታስሯል፣ ሰፊ ባርኔጣ አለ፣ የጎኑ ኪስ ውስጥ ደግሞ የታጠፈ ደብዳቤ። አንብባ ኪሷ ከተተችው።

ፎቅ ላይ ያለው ቢሮ ግድግዳ በሟቿ እጅ ጽሑፍ ተሸፍኗል። ለደንበኞች የሚሸጡትን ደሴት በየዓመቱ ከመካከላቸው አንድ ሰው ሄዶ በዓይኑ ያየዋል፤ ዘንድሮ ግን ሁሉም ሊሄዱ ሦስት ቀን ቀርቷቸው ነበር። «ከዝናቡ ወራት ሽሹ» ይላል ዝርዝሩ። «ፓስፖርታችሁ ከመመለሻው ቀን በኋላ ስድስት ወር ይኑረው። የወባ ክኒን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ፣ በሳምንት አንድ ፍሬ፤ በዋጣችሁ ቁጥር እዚህ ፈርሙ። ሻንጣችሁን ራሳችሁ ደረጃ አውርዳችሁ አውጡት፤ ከከበዳችሁ ቀንሱ።» የመጨረሻው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፦ «ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የነፍስ አድን ጃኬቶቹን ቁጠሩ።»

ትኬት ቆራጯ ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ ሻንጣቸውን ዛሬ ሊሞክሩ ነበር?»

«ኧረ ትናንት ሞክረዋል! ሁላችንንም አሰልፈው። እኔንማ ሁለት ጫማ አስጥለውኛል።»

«ደግመው ይሞክሩት ይሆናላ።»

«እሳቸው? አንዴ ምልክት ያደረጉበትን ነገር ቢገድሏቸው አይ…» አፏን በእጇ ያዘች።

«ትናንት ማን ቀረ?»

«ሸሪካቸው፣ ጋሼ ብቻ። ስብሰባ አለብኝ ብለው።»

መርማሪዋ ሸሪክየው፣ ትኬት ቆራጯና የፅዳት ሠራተኛዋ የተሸከፈ ሻንጣቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር እንዲሰበሰቡ አዘዘች። ፖሊሱም ገባ።

«ይህ ሻንጣ ከአሥራ ስምንት እርከን አልተንከባለለም፤ አንድ ጭረት የለበትም። ሰው ተሸክሞ አውርዶ አስተኝቶታል። ያ ሰው እትዬ ትናንት መሞከራቸውን አላወቀም፤ ትናንት እዚህ አልነበረማ።»

«እኔን ነው?» ሸሪክየው ሳቀ። «ለመቅረቴ ልታሰሪኝ ነው?»

«ፓስፖርትዎን ያሳዩኝ።»

ሳቁ ቆመ። መርማሪዋ ገልጣ አነበበች። «ሁለት ወር ነው የቀረው።»

«ረስቼው ነው!»

«ሃያ ዓመት ለሰው ሲመክሩ የኖሩትን? በዚህ ፓስፖርት አውሮፕላን እንደማያሳፍሩዎት ከዚህ ቤት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ክኒንዎስ?»

ትኬት ቆራጯ የራሷን አወጣች፤ ሁለት ፍሬ ጎድሏል። የፅዳት ሠራተኛዋም እንዲሁ። «ሆዴን እያመሰው ነው የዋጥኩት» አሉ። የሸሪክየው ፓኬት አልተነካም፤ ግድግዳው ላይ ግን ሁለት ጊዜ ፈርሟል።

«ሁሉም ለጉዞ ሲዘጋጅ እርስዎ ብቻ ለማስመሰል ፈረሙ። ጉዞው እንደሚቀር ያውቁ ነበር።» ደብዳቤውን ዘረጋች። «ባለፈው ዓመት ሚስቱ ከጀልባ ወድቃ የሰጠመችበት ደንበኛ የጻፈው ነው። ‘ሃያ ሰው ነበርን፤ ጃኬቱ አምስት ነው’ ይላል። ጀልባውን ሄጄ አይቻለሁ፣ ጃኬቱ ሙሉ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

«ጋሼ ናቸው» አለች ትኬት ቆራጯ።

ሸሪክየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ሄጄ አላየሁትም ነበር» አለ። «ለጀልባው ባለቤቶች ደውዬ ጠየቅኳቸው፣ ሙሉ ነው አሉኝ። እሷ ግን ሄጄ ካልቆጠርኩ አለች። ከደረጃው አናት ላይ ለመንኳት…»

«ከዚያስ?»

«ገፋኋት።» ቀና ብሎ ቀዩን ሻንጣ አየው። «ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ነበር?»

«ራስዎ ነዎት ያወረዱልኝ።»

ፖሊሱ የፅዳት ሠራተኛዋን አልፎ እሱን ይዞት ወጣ። እሳቸው ግድግዳው ላይ ያለውን የመጨረሻ መስመር ቆመው አነበቡትና ሻንጣቸውን አነሱ።

«ወዴት ነው፣ እናቴ?»

«የእኔ ፓስፖርት ገና አዲስ ነው፣ ልጄ። ሄጄ ልቁጠራቸው።»