የዳለቻ ቅልጥም

«የላም ነው አያ ዋሴ?» አለች ሸዋገነት፣ ከቀሐ ወንዝ ያገኘችውን አጥንት በሽማግሌው መዳፍ ላይ እያኖረች።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በተከፈተው ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ናት። መምህሯ «ነገ አንድ አንድ አጥንት፣ ከነእንስሳው ስም» ብለዋል፤ በሰፈሩ ደግሞ ከወጌሻው ከአያ ዋሴ በላይ አጥንት የሚያውቅ የለም። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጣታቸው ግን ዓይን አለው።

እዚህ መምጣቷን አባቷ አላምረው ቢሰማ ጉድ ይፈላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። አላምረው የአያ ዋሴን አህያ፣ ዳለቻን፣ ተውሶ ከገበያ ሲመለስ ደራሽ ውሃ አህያዋን ከእጁ ነጠቀው። የተዋሱት ከብት ሲሞት ቆዳው ለባለቤቱ ይታያል፤ ወግ ነው። ወንዝ የወሰደው ቆዳ ከየት ይምጣ? አያ ዋሴ «ጠዳ ገበያ ወስደህ ሸጠሃታል» አሉት። ማለላቸው፤ አላመኑትም። ከዚያ ወዲህ አላምረው ቀና ብሎ መሄድ ትቷል፤ ሸዋገነትን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

«ምነው የላም ይሆናል!» አሉ አያ ዋሴ የአጥንቱን ጫፍ እየዳበሱ። «የላም ቅልጥም እታች ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ይኸ አንድ ነው፤ የጋማ ከብት ነው። ለበቅሎ ደግሞ አጥሯል። አህያ ብለሽ ጻፊ።»

ደብተሯን ስትገልጥ የሽማግሌው አውራ ጣት አጥንቱ መሃል ላይ ቆመ። እዚያ ጋ ጎበጥ ብሎ አብጧል።

«ይኸ ተሰብሮ የዳነ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የት አገኘሽው?»

ሸዋገነት ደነገጠች። ዳለቻ በውርንጭላነቷ እግሯ ተሰብሮ፣ አያ ዋሴ በቀርቀሃ አስረው፣ አርባ ቀን ሳይለዩዋት እንዳዳኗት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ብትሸጥም በሕይወት አለች» እያሉ ነው እስካሁን የሚጽናኑት። እውነቱን ከተናገረች ይህችን መጽናኛ ልትነጥቃቸው ነው፤ ዝም ካለች አባቷ ሌባ እንደተባለ ይቀራል።

«ከመሻገሪያው በታች» አለች፤ «አባዬ ውሃ ወሰዳት ካለበት ዝቅ ብሎ።»

አያ ዋሴ አጥንቱን ጉንጫቸው ላይ አስደገፉት። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«የእጄን ሥራ አልስተውም። ዳለቻዬ ናት» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሳጎድፍ ኖርሁ። አባትሽ ቤት ነው?»

«አለ።»

«እንግዲያ ምሪኝ። እንቺ፣ ይኸን ለመምህርሽ...» ብለው ዘረጉላት፤ ጣታቸው ግን አልለቀቀውም።

«እርስዎ ይያዙት» አለች ሸዋገነት፤ ደብተሯን ዘጋች። «ለመምህሬ የዶሮም ቢሆን አላጣም።»

ክንዳቸውን ይዛ እስከ አባቷ አጥር መራቻቸው። አባቷ ከውስጥ እንጨት ሲፈልጥ ይሰማል። ልትጠራላቸው አፏን ከፈተችና ተወችው። ሽማግሌው ራሳቸው እስኪጣሩ ጠበቀች።