ከሰሉ ከተነሣ በኋላ

ሲፋን ለሐኪሟ ዋሸች፤ የስድስት ዓመት ወንድሟ ኦልያድም በዚያ ውሸት መሠረት ታከመ። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው።

ዶክተሯ የኦልያድን ደረት አዳምጣ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። አባታቸው በዳዳ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ፖስተር ማንበብ ጀመረ። ሲፋን፣ «የለም» አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው ሲጨነቅ ማየት አትወድም።

«ጎሽ» አለች ዶክተሯ። «ቢኖር ኖሮ መድኃኒቱን በከንቱ ነበር የምሰጠው። በር ተዘግቶ እንኳ ቢጨስ ጭሱ በበሩ ሥር ይወጣል፤ ፎጣ ላይ፣ ልብስ ላይ ይቀራል። የልጅ ሳንባ ይህን አይችልም። ሌላስ? በአካባቢያችሁ ከሰል የሚያነድ የለም?»

አባቷ ፖስተሩን ተወው። «አለ እንጂ ዶክተር! ምድር ቤት አንዲት ሴትዮ አለች፤ ቀኑን ሙሉ በከሰል ቆሎ ስትቆላ ነው የምትውለው።»

«እሱም ጥሩ አይደለም። ከልጁ ይራቅ።» ዶክተሯ እስፕሬይ አዘዘችና ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠረቻቸው። «ካልተሻለው ጠንከር ያለ መድኃኒት እጀምርለታለሁ። የጎንዮሽ ጉዳት ስላለው ግን ባልጀምረው እመርጣለሁ።»

ከጤና ጣቢያው ሲመለሱ መገናኛ ላይ አባቷ ጁስ ቤት አስገብቶ ለሁለቱም ስፕሪስ አዘዘላቸው። «አንቺ ልጅ፣ ጭንቅላት አለሽ» አላት። ሲፋን ደስ አላት።

በዳዳ እንደሚያጨስ ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ የለም። መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማቸው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ሕንጻዎቹ ከመሠራታቸው በፊት አባቱ እዚያው አካባቢ ጤፍ ያርሱ ስለነበር ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ሰላም ይሉታል። በረንዳ ላይ ቢያጨስ የማዶው ብሎክ ያየዋል። ደረጃ ላይ ቢያጨስ ጎረቤት ይገጥመዋል። ስለዚህ ሽንት ቤት ይገባል፤ በእንጦጦ በኩል የምትከፈተውን ትንሽ መስኮት ይዘጋል፤ በበሩ ሥር ፎጣ ይወትፋል። ውኃ ያለ ቀን ቧንቧ ከፍቶ፣ ውኃ የጠፋ ቀን ባልዲ እያንኳኳ ያጨሳል። የልጆቹ መኝታ ክፍል ከሽንት ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ሲወጣ መስቲካ እያኘከ ነው፤ እናታቸው ሎሚም ምንም ሳትል ሽቶ ትነፋለች። ስለዚህ ጉዳይ በቤቱ ውስጥ ተወርቶ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት በዳዳ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትሎ ወረደና ቆሎ የሚቆሉት ወይዘሮ አስካለች ምድጃቸውን ከግቢው እንዲያወጡ ነገራቸው። «የሐኪም ትእዛዝ ነው» አለ። ጭቅጭቅ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ለልጁ ከሆነማ ምን ገዶኝ!» ብለው ምድጃውንም ብረት ምጣዱንም ተሸክመው ከአጥሩ ውጭ፣ አስፋልት ዳር ወሰዱት።

የወይዘሮ አስካለች ልጅ ሩሃማ የሲፋን የክፍል ጓደኛ ናት። ሐሙስ ከትምህርት ቤት አብረው ሲመለሱ፣ «እማዬ ትናንት ዝናብ ሲደበድባት ዋለ» አለች።

«አውቃለሁ። ሶሪ።»

«አይ፣ ምንም አይደል። ኦሊ እኮ የኛም ልጅ ነው።» ሩሃማ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ታዲያ ተሻለው?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ ማለት?»

«አትጨቅጭቂኝ በቃ!»

«ኧረ ተረጋጊ አቦ! ምን አልኩሽ? ጠየቅኩ እንጂ።»

አልተሻለውም። ከሰሉ ተነሥቶም ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ደረጃውን ሲወጣ መሐል ላይ ይቀመጣል። ሲፋን በቀሩት ቀናት ሩሃማን እንዳታገኛት በሌላ መንገድ ተመላለሰች። ነገሩ ሞኝነት ነበር፤ የሚኖሩት አንድ ብሎክ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በዳዳ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ጠረገ፣ ከዚያም ሽንት ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ኦልያድ አልጋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን እያደረገ ነበር። ማሳል ጀመረ፤ አላቆመም። ካልሲውን እንደያዘ ጎንበስ አለ። ሲፋን እስፕሬዩን ነቅንቃ አፉ ላይ አደረገችለት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን ይዛ ጠበቀች። ሽታው ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜም ይኖራል። ተነሥታ ሽንት ቤቱን አንኳኳች።

«መጣሁ!» አለ አባቷ። መስቲካ እያኘከ ወጣ። «ተነሡ እንጂ፣ ረፈደ እኮ።»

«ለዶክተሯ ልነግራት ነው።»

«ምኑን?»

ሲፋን ዓይኗን ወደ ሽንት ቤቱ አዞረች። ይህን ያህል እንኳ በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም።

«ሲፋን!» አለች ሎሚ ከኩሽና።

በዳዳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሰሉ ነው እኮ። ራሷ ዶክተሯ ብላለች።»

«ከሰሉ ተነሥቷል። እትዬ አስካለች ዝናብ ላይ ናቸው።»

«እዚያ ጤና ጣቢያ ከኛ ግቢ ስንት ሰው እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«የሚያስለው ጎረቤት አይደለም አባ። ኦሊ ነው።»

በዳዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። መስቲካውን ማኘክ አቆመ። «ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ። አቆማለሁ። ቃሌ ነው።»

ሲፋን ልታምነው ፈለገች። ምናልባትም እውነቱን ነው። «ብታቆም ጥሩ ነው» አለች። «መድኃኒቱን የምታዘው ግን ዛሬ ነው። አንተ ብትነግራት ይሻላል። ካልመጣህ እኔ እነግራታለሁ።»

ሎሚ እጇን እየጠረገች ወጣች። የኦልያድን ጃኬት ከወንበሩ ላይ አነሣች፤ አሸተተችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ገመድ ላይ ከተሰጣው ልብስ ሹራብ ይዛ ከበረንዳ ተመለሰችና ለሲፋን ሰጠቻት።

ሲፋን ወንድሟን ሹራቡን አለበሰችው፤ የቀረውን ካልሲ አደረገችለት።

«አባ አይመጣም?» አለ ኦልያድ።

«አላውቅም።»

በሩን ከፍታ ጥቂት ቆመች። በዳዳ ከሶፋው አልተነሣም፤ የሚያየው ወለሉን ነበር። ሲፋን ኦልያድን አስቀድማ ወጣችና በሩን ዘጋችው።