ዜና የማትናገረዋ መርከብ

ጂንካ ላይ መርከብ ነበረ ብል ማን ያምነኛል? ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን፤ ነሪ ወንዝም ቢሆን በበጋ ልጆች ተራምደው የሚሻገሩት ነው። ግን ነበረ። ሸራ የወጠሩ፣ ሕፃን በእቅፉ የሚይዛቸው ትንንሽ መርከቦች። ባሌንም ያገኘሁት በእነሱ ሰበብ ነው።

ጊዜው ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጂንካ የአውራጃ ከተማ በነበረችበት ዘመን ነው። እኔ አስቻለች ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ በአባቴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። አባቴ አቶ ሸዋንግዛው ያለ ሬድዮ ምግብ የማይወርድለት ሰው ነበር። ዜና ሲጀምር ዶሮ እንኳ ግቢያችን ውስጥ አትጮህም፤ ከጮኸች ለእሁድ ወጥ ናት።

አንድ ቀን ሬድዮው ዝም አለ። አባቴ ራሱ እንዳይሄድ ደንበኛ ይዞት እኔን ላከኝ።

ሬድዮ ሠሪው ኤርሳዶ ይባላል። ከከምባታ መጥቶ ከገበያው ዳር ጠባብ ክፍል የተከራየ፣ በገበያ ቀን አልዱባ ድረስ እየወረደ የሰው ሬድዮና ባትሪ የሚጠግን ልጅ ነው። ገብቼ ሬድዮውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«እኔ ደኅና ነኝ። የታመመው እሱ ነው።»

ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ሁለታችንም ቶሎ ወደ ሬድዮው ተመለስን። ጀርባውን ሲፈታው አንድ ወፍራም በረሮ ሩጦ ወጣ።

«ይኸው፣ ዜና አንባቢው አመለጠ!» አለ።

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ፤ ብቻዋን ወንድ ሱቅ ገብታ የምትስቅ ልጅ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ሽቦ ሲበይድ ግን ጢሱ ፊቱ ላይ ሲጥመለመል አላስችል አለኝ።

«ያን ጢስ አትማገው። ሳንባህን ይጎዳሃል።»

መበየጃውን አስቀመጠ። «ጂንካ ከመጣሁ ወዲህ ስለ ሳንባዬ ያሰበ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝናብ ነው የመጣው። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ ሔንድሪክ የሚባል ፈረንጅ ነበር፤ የልጅነት ፍቅሩ መርከብ ሆኖ ሦስት ትንንሽ መርከቦች በሣጥን ይዞ ነበር የመጣው። አንቴና ባለው ሳጥን ከዳር ሆነው ይመሯቸዋል። የበልግ ዝናብ ከአውሮፕላን ማረፊያው በታች ለመንገድ አፈር የተቆፈረውን ጉድጓድ ሞልቶ ኩሬ ሲያደርገው ፈረንጁ እንደ ሕፃን ዘለለ ይባላል። የአንዷ መርከብ ሆድ ውሃ ገብቶበት ኤርሳዶ ጠገነለት፤ እሱም በምስጋና «ኩሬው ላይ ውድድር አዘጋጃለሁ፤ ይችኛዋን አንተ ምራት» አለው። ሸራዋን ግን እሾህ ቀዶት ነበር።

ኤርሳዶ ያንን ጨርቅ ይዞ በረንዳዬ ላይ መጣ።

«ይኼ ይሰፋል?»

«ምንድን ነው? የሕፃን ቀሚስ?»

«የመርከብ ሸራ ነው።»

«መርከቡስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ነፋስ ወደ ፈቀደው። እኔ ደግሞ በሬድዮ ነፋሱን እለምነዋለሁ።»

ከኮት ገበር ቆርጬ አዲስ ነጭ ሸራ ሰፋሁለት። ወሰደው። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። «ስፌቱ ተተረተረ» አለ። አየሁት፤ ክሩ በምላጭ ተቆርጧል። ይኼ ልብስ ለምትሰፋ ይጠፋታል? ምንም ሳልናገር ሰፋሁለት፤ እሱም ምንም ሳይናገር እጄን ሲያይ ቆየ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይዞት መጣ።

«ኤርሳዶ፣ በዚህ ከቀጠልክ ሸራ ሳይሆን ወንፊት ነው የሚሆንልህ።»

አንገቱን ደፋ። «እንግዲያስ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ሽማግሌ» አልኩት።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ቀና ሳልል የስፌት መኪናዬን መርገጤን ቀጠልኩ።

ኤርሳዶ ጂንካ ላይ ዘመድ የለውም። የላከው የተከበሩትን የአሪ ገበሬ፣ አከራዩን አቶ ሶርሳንና ድሬሰር ወርቅነህን ነው፤ ከተማው ሁሉ መርፌውን የቀመሰው ሰው። አባቴ ለምን እንደመጡ ገና ከበር አወቀ። በእኛ ሰፈር ወግ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካለ እሺ ማለቱ ነው። አባቴ ወንበር አልሳበም።

«አገሩ ሩቅ፣ ዘሩን የማናውቀው፣ ሃይማኖቱም የእኛ አይደለም» አለ። «ሥራውስ ምንድን ነው? የሰው ሬድዮ ሆድ ዕቃ መጎልጎል!»

ቆመው መጡ፣ ቆመው ሄዱ። በሳምንቱ ደግመው መጡ፤ ደግመው ቆሙ። አባቴ «እግራችሁ አይድከም» ብሎ ሸኛቸው። ለካ ከአርባ ምንጭ አንድ ባለ መኪና ስለ እኔ ጠይቆ ኖሯል። የላካቸው ሰዎች በሚመጣው ሰኞ መልስ ሊወስዱ ይመጣሉ። ሰኞ አባቴ እሺ ካለ እኔ ወደ አርባ ምንጭ፣ ኤርሳዶ ወደ በረሮዎቹ።

በዚያው ሳምንት የአባቴ ሬድዮ እንደገና ዝም አለ። ጂንካ ውስጥ ሌላ ሬድዮ ሠሪ የለም።

«ላክለት እንጂ» አለችው እናቴ ተዋበች።

«ከእሱ እጅ ዜና ከምሰማ ደንቆሮ ልሁን!»

ሦስት ቀን ደንቆሮ ሆነ። ከሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይል ነበር። አንጀቴን በላው።

ውድድሩ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር አንቴናውን አይቶ ኤርሳዶን አስጠራው።

«ይኼ ከማን ጋር ነው የሚያገናኘው?»

«ከመርከቧ ጋር ብቻ።»

«መርከቧስ?»

«ከነፋስ ጋር፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ተቀብሎ ኩሬው ዳር ራሱ ሞከረው። እስኪመሽ አልመለሰውም አሉ። በማግሥቱ በድምፅ ማጉያ «ቅዳሜና እሁድ የሬድዮ መርከብ ውድድር ስለሚደረግ ሕዝቡ በነቂስ እንዲወጣ» ተብሎ ተለፈፈ።

የጂንካ ሰው «የሬድዮ መርከብ» ሲባል የገባው በራሱ መንገድ ነው፤ ውሃ ላይ እየሄደ ዜና የሚናገር ሬድዮ! ሽማግሌዎቹ ሁሉ በርጩማ ተሸክመው ወረዱ። አባቴ ከሁሉም ፊት፣ ውሃው አፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ይኼ ዳር ቢናድስ?» እያልኩ እፈራ ነበር።

መርከቦቹ ቅዳሜ ከሰዓት ዞሩ፣ ተመለሱ፣ ደግመው ዞሩ።

«አፉ በየት በኩል ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ነፋሱ ድምፁን ወሰደው መሰለኝ» አሉ ሌላው።

አባቴ ጆሮውን አቁሞ እስከ መጨረሻው ጠበቀ። ማታ ቤት ሲገባ፣ «ዛሬ ሙከራ ነው። የሚናገረው ነገ ነው» አለን። እናቴ እንዳትስቅ ነጠላዋን ነከሰች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕዝቡ ከቅዳሜውም በዛ። ነገ ሰኞ ነው። እኔ በቆምኩበት የምጨነቅበትን ነገር ልቁጠር ብል አያልቅልኝም፤ ስፌቴ ቢተረተርስ? ሰኞ አባቴ እሺ ቢልስ? ደግሞ ኤርሳዶ ጫማና ካልሲውን እንዳደረገ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ቆሟል፤ በዚያ ውሃ ውስጥ ምን ዓይነት በሽታ እንዳለ ማን ያውቃል? አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። በዓይኔ «ውጣ ከውሃው» አልኩት። እሱ ፍቅር መስሎት ፈገግ አለ።

ፊሽካ ተነፋ። ኩሬው መካከል የታሰረውን ቢጫ ጀሪካን ዞሮ ቀድሞ የሚመለስ ያሸንፋል። የፈረንጁ ቀይ መርከብ መራች። ሦስተኛዋ፣ አንድ የሳይንስ አስተማሪ የሚመራት ሰማያዊ፣ ወዲያው ቄጠማ ውስጥ ገባች። ነጯ፣ የእኔዋ፣ ሆዷን በነፋስ ሞልታ ከቀይዋ ጎን ደረሰች።

አባቴ ዜናውን ረሳው።

«ያቺ ነጯ የማን ናት?»

«የኤርሳዶ» አለ አንድ ሰው።

«እ...» አለ። ከዚያ ግን አልቻለም። «በርቺ! ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ አንቺ!»

ነጯ ጀሪካኑ ጋ ልትዞር ስትል አቶ ሶርሳና ድሬሰር ወርቅነህ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው አባቴ ፊት ተደቀኑ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊለምኑ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቢሆን እምቢ ለማለት ያፍራል ብለው ነው የመጡት።

«አቶ ሸዋንግዛው፣ እንደምን ዋሉ። ያው እኛ ነን...»

አባቴ በግራ አንገቱን አሰገገ፤ ሶርሳ አለ። በቀኝ አሰገገ፤ ወርቅነህ አለ።

«ኧረ ተቀመጡ!»

«ምን አሉን?» አለ ወርቅነህ።

«ተቀመጡ አልኳችሁ እኮ! በሞቴ ተቀመጡልኝ!»

አቶ ሶርሳ ቀስ ብለው ኩታቸውን ሰብስበው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ። ወርቅነህም በዚያ በንጹሕ ሱሪው አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ተቀመጥን» አሉ አቶ ሶርሳ። «ሰው ሰምቷል። በሞቴ ተብለን ነው የተቀመጥን።»

እናቴ እልልታውን አቀለጠችው። ሴቶቹ ተቀበሏት። ኤርሳዶ ምን እንደሆነ ሊያይ ሲዞር የሳጥኑ መሪም በእጁ አብሮት ዞረ፤ ነጯ መርከብ ቄጠማው ውስጥ ዘው አለች። ቀይዋ ብቻዋን ተመለሰች። ፈረንጁ አሸነፈ፤ ያጨበጨበለት ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው አባቴን ነበር።

አባቴ ምን እንዳለ አሁን ነው የገባው። ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ ለማየት ከለላችሁኝ ብዬ እንጂ...»

«በሞቴ ያልከውን ልትውጠው ነው?» አለችው እናቴ።

ኤርሳዶ መርከቧን ሊያወጣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር። አባቴ ወደዚያ አየና አቶ ሶርሳን ጠየቃቸው።

«ይኼ ልጅ ነገም የያዘውን ጥሎ እንዲህ ነው የሚዞረው?»

አቶ ሶርሳ አልቸኮሉም። «እኔ ቤት ሁለት ዓመት ኖረ። ለጠጅ ሲዞር አላየሁትም። ለጠብ ሲዞር አላየሁትም። ዛሬ ለልጅዎ ዞረ።»

አባቴ ወደ እኔ ተመለሰ። «አንቺስ? አርባ ምንጭ ትልቅ ከተማ ነው። ኋላ እንዳይቆጭሽ።»

ሰው ሁሉ አየኝ። መሬት አላየሁም።

«አባባ፣ አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅ አለው ይባላል። ለእኔ ይኼ ኩሬ ይበቃኛል።»

አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲያስ ሰኞ ለሰዎቹ ልጄ ተይዛለች እላቸዋለሁ» አለ።

ኤርሳዶ መርከቧን ታቅፎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ መጣና ፊቴ ቆመ። ሰው ፊት እንዲህ ቀርበን ቆመን አናውቅም። የሰማ ይመስላል። እኔ ብዙ ቀን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ሁሉም ጠፋብኝ። ወደ እግሩ አየሁ።

«ካልሲህን አውልቅ» አልኩት። «ብርድ ይመታሃል።»

ከሽማግሌዎቹ ጎን ቁጭ ብሎ ካልሲውን ማውለቅ ጀመረ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ገና ቤቱ ሳትገባ ታዘዋለች!» አለ ወርቅነህ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ኤርሳዶን ቁልቁል ሲያየው ቆየና ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወረወረለት።