ከሎሜ ባሻገር

«እስከ ዓርብ ካልነገርሽኝ እኔው እመርጥልሻለሁ» አለች የያይራ እናት፣ የተዘረጋውን ጨርቅ ለሁለት እያጠፈች። «ሎሜ ወይስ ኮቶኑ? ሹፌሩን ሦስት ቦታ ያዝልን ብዬዋለሁ፤ የት እንደምንወርድ ግን ገና አልነገርኩትም።»

ሦስተኛው ቦታ የጓደኛዋ የኤንዮናም ነው። ያይራ በፈረንሳይኛ ከክፍሏ አንደኛ ከወጣች፣ እናቷ በዕረፍቱ ከድንበር ማዶ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ከተማ ልትወስዳትና አንዲት ጓደኛዋንም ልታስከትልላት ቃል ገብታ ነበር። ያይራም አንደኛ ወጣች።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጋና ግን ወጥታ አታውቅም። የደብተሯ የመጨረሻ ገጾች በጥያቄ ተሞልተዋል። የሎሜ ሰዎች እንደ እኛው ኤዌ ይናገራሉ፤ ታዲያ ሲጣሉ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚሰዳደቡት? የኮቶኑ ባለሞተሮች ለምን አንድ ዓይነት ሸሚዝ ይለብሳሉ? ዳቦውስ ለምን እንደዚያ ረዘመ?

ልቧ ወደ ሎሜ ያደላል። ያስቸገረቻት ኤንዮናም ናት። ኤንዮናም እስከ ስምንት ዓመቷ ከአባቷ ጋር ሎሜ እንደኖረች ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። «ር»ን ከጉሮሮዋ ስታወጣት የፈረንሳይኛ መምህርቷ እንኳ ፈገግ ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ያደገበትን ከተማ ማየት አይናፍቀውም?

«ሎሜ ምን አለ? እኔ ሰልችቶኛል» አለች ኤንዮናም፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ።

«አንቺን ይሰልችሽ እንጂ እኔ መች አየሁት! እሺ ንገሪኝ፤ ድንበሩን ከተሻገርን በኋላ ባሕሩ ምን ያህል ይርቃል?»

«ኡፍ፣ ሩቅ ነው! በመኪና አንድ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።»

«በእግር አይሞከርም?»

«አብደሻል? አቦ ኮቶኑ እንሂድ! አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ አያልቅም።»

ያይራ «አንድ ሰዓት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ እናቷ ሱቅ ገባች። እናቷ ጨርቅ ለማምጣት ሎሜ ትመላለሳለች።

«እማ፣ ከድንበሩ ወደ ባሕሩ የሚወስድ ታክሲ አለ?»

እናቷ ሳቀች። «የምን ታክሲ? ኬላውን ስታልፊ ባሕሩ እዚያው በቀኝሽ ነው። ማዕበሉን እየሰማሽ ነው ወረቀትሽን የምታሳዪው። ሎሜን አንድ ቀን የረገጠ ሰው ይሄን አይስተውም።»

ያይራ «አንድ ሰዓት» የሚለውን ሰረዘችው። ልትናደድ ይገባት ነበር፤ የመጣባት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሰው ባሕርን የሚያህል ነገር የት እንዳለ እንዴት ይረሳል? ካልረሳስ?

ኤንዮናምን ከምትኖርበት ከአክስቷ ቤት ጓሮ ካሳቫ ስትልጥ አገኘቻት። ሳትጠየቅ ቢላ አንስታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለት ሦስት ከላጡ በኋላ፣

«ሎሜ ኖረሽ አታውቂም፣ አይደል?» አለቻት።

«ሙድ ልትይዢብኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም፣ ሙች። ገርሞኝ ነው። ያ ሁሉ ፈረንሳይኛ ታዲያ ከየት መጣ?»

ኤንዮናም የላጠችውን ካሳቫ ውሃ ውስጥ ጣለችው።

«ከሬዲዮ» አለች። «የሎሜ ጣቢያ እዚህ ድረስ ይሰማል። አባቴ እዚያ ወደቡ ላይ ነው የሚሠራው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መጥቼ እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ልብሴን ሁሉ አጣጥፌ ጠበቅኩት። በኋላ ልጆቹ ሲጠይቁኝ… ኖሬያለሁ አልኩ። አሁን ስልኩም አይሠራም።»

«ፈልገሽ እንዳታጪው ነው የምትፈሪው?»

«ማጣቱንማ ለምጄዋለሁ። ገበያ መሃል ባገኘውና ባያውቀኝስ?»

ያይራ ላይ ጥያቄው ተንጋጋባት። መልኩን ታስታውሺዋለሽ? ድምፁንስ? አንዱንም አልጠየቀችም። «ይሄኛው በስብሷል» ብላ አንድ ካሳቫ ወደ ጎን አደረገች።

«እንዳትጥዪው! የተበላሸውን ብቻ ቁረጪለት፤ አክስቴ ካየችን አለቀልን» አለች ኤንዮናም አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች።

ዓርብ ጠዋት እናቷ ሱቁን ስትከፍት ያይራ «ኮቶኑ» አለቻት።

«ምን? ሎሜ ሎሜ እያልሽ ስታደርቂኝ አልነበር?»

«ሎሜ ግራ ቢገባኝ በኤዌ ይደርሱልኛል። ኮቶኑ ግን የሚደርስልኝ የለም፤ ወይ ፈረንሳይኛ እናገራለሁ፣ ወይ ጦሜን እውላለሁ።» እንደ ሰበብ የጀመረችው ነገር ከአፏ ሲወጣ እውነት ሆኖ አገኘችው፤ ደስም አላት።

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። «ኤንዮናም ናት ያስቀየረችሽ።»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ይሁን። ግን መኪናው በሎሜ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ለምሳም እዚያው ገበያው አጠገብ አንድ ሰዓት ይቆማል። ያኔ ወርደሽ ትጠግቢዋለሽ።»

ይህን ያይራ አላሰበችበትም ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሎሜ፣ ያውም ገበያው! የምታየውን ሁሉ በሐሳቧ ትደረድር ጀመር፤ ከዚያ ኤንዮናም ትዝ አለቻትና መደርደሩን ተወችው።

«እማ፣ መኪናው ውስጥ መቆየት ይቻላል?»

«በዚያ ሙቀት? ምን ልትሠሪ?»

«ምናልባት መውረድ የማይፈልግ ሰው ካለ፣ አብሬው ልቀመጥ ብዬ ነው።»

እናቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ስልኳን አውጥታ ይቻል እንደሆነ ልትጠይቀው ለሹፌሩ ደወለች። መኪናው ሎሜ እንደሚቆም ግን ኤንዮናም ከመነሻው ቀን በፊት ማወቅ ነበረባት። ያይራ «መጣሁ» ብላ ወደ ኤንዮናም አክስት ቤት መንገድ ጀመረች።